የአልቃሿ ምላስና ሦስቱ ዳኞች

የናንተ እናት ብትሆን ኖሮ ፍርዱን ታመሰግኑት ነበር? መልሳችሁን ያዙት፤ ነገሩን ገና አልነገርኳችሁም።

በአንድ ወቅት፣ ከገዢው በላይ አንድ ነገር ብቻ ባለበት አገር፣ ሙጪት የምትባል አልቃሽ ነበረች። ከገዢው በላይ ያለው ያ አንድ ነገር የላይ ችሎት ነው። ገዢው ሰው ቢያስር ወይም ቢቀጣ፣ የተበዳዩ ወገን ተራራውን ወጥቶ በችሎቱ ደጃፍ «አቤት» ካለ፣ ሦስት ዳኞች ወጥተው መስማት ነበረባቸው። የአገሩ ሰው በዚህ ይመካ ነበር። ሰው ባልሞከረው ነገር መመካት ይቀለዋል።

ችሎቱ የቆዩ ልማዶች ነበሩት። ነገሩ ከተከፈተ እስኪፈረድ ድረስ ዳኞቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ እንዳያጣምም። ሲፈርዱ ታናሹ ይጀምራል፣ ሽማግሌው ይጨርሳል፤ ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ ቃሉን እንዳይውጥ። ሦስቱም በየፊናቸው ከሄዱ የሽማግሌው ቃል ሕግ ይሆናል። በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ እጅግ ያምራል።

በአንድ ክረምት የገዢው ወታደሮች አቤቱታ አቅርበው የሚመለሱ ገበሬዎችን ድልድይ ላይ ተኩሰው ገደሉ። ገዢው «ጎርፍ ወሰዳቸው» አለ። ተሰብስቦ ማልቀስንም በአዋጅ ከለከለ፤ ለቅሶ ካለ ሬሳ ይቆጠራል፣ ሬሳ ከተቆጠረ ቁስሉ ይታያል። እናቶች በየቤታቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተቀመጡ። በአንደኛው ሟች ሰልስት ግን ሙጪት ተነሥታ ደረቷን እየመታች፣

«ድልድዩን ተሻግሮ ቤቱ ነው የሄደው፤
ጥይት ነው የበላው፣ ውኃ አልወሰደው»

አለች። ለቀስተኛው ተቀበላት። ወታደሮች ሲመጡ ግን የተቀበላት ሁሉ ጸጥ አለ፤ ብቻዋን ያለቀሰች መሰለች። ገዢው ምሕረተኛ ነኝ ብሎ ያምን ስለነበር «የበደለኝ ምላሷ ነው፤ ሌላ አካሏን አልነካም። ዓርብ ገበያ ላይ ይቆረጥ» ብሎ ፈረደ።

ልጇ ደብሪቱ ተራራውን ወጥታ «አቤት» አለች። በር ጠባቂው ብቅ አለ።

«ምነው፣ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም። የእናቴን ምላስ ሊቆርጡት ነው።»

«ይኸውልሽ፣ አባትሽ ይህን ቢሰማ ስንት ዘመን የለመንኩትን አገኘሁ ይል ነበር» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። በሩን ግን ከፈተ፤ መክፈት ግዴታው ነበር።

ችሎቱ ሲሰየም የገዢው ነገረ ፈጅ እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ጌቶቼ፣ ገዢው ችሎቱን ያከብራል። ሴትዮዋን ፍታ ብላችሁ ካዘዛችሁት ግን ይህ አዳራሽ ነገ የበቅሎ ጋጣ ይሆናል። ይህን የምለው በአክብሮት ነው።»

ታናሹ ዳኛ ክንፈ ይባላል። ፍርሃት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ወይም ገና አላስተማሩትም። ለፍርድ እንዲረዳው ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረና «ይህች ሴት ያለችው ሐሰት ነው ወይስ እውነት? ያየ ሰው ካለ ይነሣ» አለ። ሁለት ሸማኔዎች፣ ወንድማማቾች፣ ተነሡ። «እኛ አይተናል፤ ጥይት ነው» አሉ። ክንፈ ደስ አለው። ፍርዱንም በሙሉ ድምፅ ሰጠ፦ «ለቅሶ የአልቃሽ ነው። አዋጁ ፈርሷል፤ ሴትዮዋ አሁን ትፈታ። አዳራሹ ጋጣ ከሆነም ይሁን።» ሕዝቡ እልል አለ። ሸማኔዎቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ወታደሮች ተቀበሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

መካከለኛው ዳኛ አንዳርጌ ይባላል። የሰው ልብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ክንፈ ከመፍረዱ በፊት፣ ችሎቱ ለምሳ ሲነሣ፣ በቅሎውን አስጭኖ ገዢው ቤት ሄደ። ልማዱ ዳኛን ከዳኛ ጋር እንዳይነጋገር ከለከለው እንጂ ከገዢው ጋር እንዳይነጋገር አልከለከለውም፤ ልማዱን ያወጡት አባቶች ይህን የሚያደርግ ዳኛ ይኖራል ብለው አላሰቡም።

«ችሎቱ አዋጅህን ካጸና ሴትዮዋን ትለቃለህ?» አለው።

«ምላሷን ይዛ?»

«ምላሷን ይዛ።»

ገዢው «እሺ፤ አዋጄ ከጸና አንድ አሮጊት ምን ታመጣለች» አለ። አንዳርጌ ተመልሶ ተራው ሲደርስ «አዋጁ ሕጋዊ ነው» ብሎ ፈረደ። ስምምነቱን ለማንም ሊናገር አልቻለም። ሕዝቡ ተፋበት። ምራቁን ጠርጎ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ስንሻው ይባላል። ሕግን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ከሞቱ በኋላ ስለሚመጣው ዘመን የሚያስብ ሰው ነበር። ከክንፈ ጋር ቢተባበር ችሎቱ ይፈርሳል፣ ሴትዮዋም ላትተርፍ ትችላለች። ከአንዳርጌ ጋር ቢተባበር ለቅሶ ለዘላለም ይከለከላል። ስምምነቱን አያውቅም፤ እንዳያውቅ የሚከለክለው ያ ያማረ ልማድ ነው። ስለዚህ ይህን ፈረደ፦ «ከነገ ንጋት ጀምሮ በዚህ አገር ማንም ሰው ለሞተበት በፈለገው ቃል ቢያለቅስ አይጠየቅም፤ ገዢም ቢሆን ይህን አያነሣም። እስከ ንጋት ድረስ ግን የቀድሞው አዋጅ ይሠራል። በዚያ የተፈረደው ይፈጸም።»

ሦስቱ ተለያዩ፣ የሽማግሌው ቃል ሕግ ሆነ። ገዢው ስለ ነገ ብዙም አይጨነቅም ነበርና ተቀበለው። ዓርብ የተባለውን ግን ወደዚያው ዕለት፣ ወደ ሐሙስ አመጣው፤ ከንጋት በፊት መሆን አለበትና። ፀሐይ ሳትጠልቅ በገበያው መካከል ፈጸሙት። ደብሪቱ የእናቷን ራስ ይዛ ነበር፤ ያዢ ተብላ ነው።

ሕጉ ሠራ፤ ይህን አልክድም። የድልድዩ ሟቾች እናቶች በማግሥቱ ወጥተው አለቀሱ፣ ሬሳው ተቆጠረ፣ ቁስሉ ታየ። ገዢው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ስንት ሰው ስንቱን በሙሾ ከሰሰ፣ አንድም ሰው አልተነካም።

አዲሱ ገዢ ሲሾም በችሎቱ በር ላይ የአንዱ ዳኛ ስም በድንጋይ ተቀርጾ እንዲኖር ወሰነ። የማን እንደሚሆን ሙጪት ትምረጥ ተብሎ አስመጧት። ሰው ሁሉ መልካም ሐሳብ ነው አለ።

ክንፈ ቀርቦ «እማማ፣ ፍቷት ያልኩ እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

አንዳርጌ ሳቀበት፤ ከቀድሞው ገዢ ጋር መስማማቱ ያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል። «አንተማ መጀመሪያ ተናጋሪ ነበርክ፤ ያንተ ቃል ብቻውን ምን ያመጣ ነበር? ዝም ብለህ ከእኔ ጋር ብትሆን ዛሬ እሷ ራሷ ትመልስልህ ነበር። ሸማኔዎቹም ይሸምኑ ነበር።»

«ልትሸጣት መሄድህን ብትነግረኝ ኖሮ» አለ ስንሻው።

«ልገዛት ነው የሄድኩት። ንገረኝ፣ ልማዱ ፈቅዶ ብነግርህስ ኖሮ አዋጁን ታጸናው ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ሙጪት ዞሮ «ልጄ፣ ዛሬ በዚህ አገር የሚያለቅስ ሁሉ በአንቺ ምላስ ያለቅሳል» አላት። ቆንጆ አነጋገር ነው። ደብሪቱ ግን «የርስዎ እኮ አፍዎ ውስጥ ነው፣ አባቴ» አለችው።

አዲሱ ገዢ ቸኮለ። «በጣትሽ ጠቁሚያ፤ ጣት አለሽ» አለ። ሙጪት እጆቿን ብብቷ ውስጥ አስገባች፣ ልጇን በትከሻዋ ነካ አድርጋ ወጣች። ድንጋዩ እስካሁን ባዶውን ነው ይላሉ።

ይህን በሄድኩበት አገር ሁሉ አውርቼዋለሁ። ወጣቶች ክንፈን ይመርጣሉ፣ እናቶች አንዳርጌን፣ ሕግ የተማሩት ስንሻውን። ሁሉም የሚመርጡት ምላሳቸውን እንደያዙ ነው።

እንግዲህ በድንጋዩ ላይ የማን ስም ይገባል? እውነቱን ተናግሮ ሁለት ሰው ያስበላው? እሷን ለማዳን የሁሉንም መብት አሳልፎ የሰጠው? ወይስ የሁሉንም መብት ለማዳን እሷን የሰጠው? ተከራከሩ፤ እኔ ዘንድ ግን አታማልዱላቸው። ለሦስቱ ዳኞች፣ ለገዢው፣ ለቅሶውን ተቀብለው በኋላ ጸጥ ላሉት፣ ለአንዳቸውም ይቅር አልልም።