መቀነት ያማረው ድስት

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኝ ነበር። የዛሬዋ ላም ብረት ናትና «የብረት በረት» በሉኝ።

ሲስተር ወለላ የምትባል አዋላጅ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአስካለን ልጅ የምትቀበልበት ንጹሕ ጨርቅ። አስካለ ወሯ ገብቷል፣ ጨርቁ ግን አልተቀቀለም። የጤና ጣቢያው አሮጌ የእንፋሎት ድስት አንገቱ አብጦ፣ ፈንድቶ፣ ጣሪያውን በስቶታል። ያን ቀን ወለላን ያተረፋት ፈጣሪ ነው።

«ጨርቄ፣ ጽዳልኝ» አለችው።

«አዲሱ ድስት ካልቀቀለኝ አልጸዳም» አላት።

አዲሱ ድስት ገና ላሜራ ሆኖ ብረታ ብረት ቤት ተኝቷል። «ድስቴ፣ ቀቅልልኝ፤ ጨርቅ አልጸዳም አለ፤ አስካለም ወሯ ገብቷል።»

«በያጁ ካልበየደኝ አልቀቅልም።»

ወደ በያጁ ወደ ጋሽ ደምሰው ዞረች። «ጋሼ፣ ይበይዱልኝ፤ ድስት አልቀቅልም አለ፤ ጨርቅ አልጸዳም አለ፤ አስካለም ወሯ ገብቷል።»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ኢንጂነሯ ካልፈረመች፣ ልጄ፣ እንኳን ላንቺ ለእናቴም አልበይድ!»

ወደ ኢንጂነር ሶስና በረረች። «ሶስዬ፣ ፈርሚልኝ፤ በያጅ አልበይድም አሉ፤ ድስት አልቀቅልም አለ፤ ጨርቅ አልጸዳም አለ፤ አስካለም ወሯ ገብቷል።»

«እኔማ በወደድኩ፣ ሲስተርዬ። ኮምፒውተሩ እሺ ካላለ አልፈርምም።»

ይህ ኮምፒውተር ድስቱን በሥዕል እንደ ሽንኩርት ከትፎ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ «እንፋሎቱን ትችያለሽ?» እያለ የሚጠይቅ ነዝናዛ ነው። «ኮምፒውተሬ፣ እሺ በለኝ፤ ኢንጂነር አልፈርምም አለች፤ በያጅ አልበይድም አሉ፤ ድስት አልቀቅልም አለ፤ ጨርቅ አልጸዳም አለ፤ አስካለም ወሯ ገብቷል።»

«አንገቱ ካልቻለ እሺ አልልም።»

እውነትም በስክሪኑ ላይ የአንገቱ ቁራጮች በርበሬ መስለው ቀልተዋል።

«አየሽ» አለቻት ሶስና፣ «አንዷ ስትደክም ሸክሙን ለጎረቤቷ ትሰጣለች፤ እሷም ለጎረቤቷ። ዙሪያውን ሁሉም ሲደክሙ ግን ተቀባይ ይጠፋና ብረቱ እጁን ይሰጣል። አሮጌውም የሄደው እንዲህ ነው።»

ወለላ ጣሪያው ላይ ያለው ቀዳዳ ትዝ ብሏት ዘገነናት። ቢሆንም ለመነች። «አንገቴ፣ ቻልልኝ፤ ኮምፒውተር እሺ አልልም አለ፤ ኢንጂነር አልፈርምም አለች፤ በያጅ አልበይድም አሉ፤ ድስት አልቀቅልም አለ፤ ጨርቅ አልጸዳም አለ፤ አስካለም ወሯ ገብቷል!»

«መቀነት ካልታጠቅሁ አልችልም» አላት አንገቱ።

ይህችማ ቀላል ናት! ወለላ ቤቷ ሮጣ የእናቷን ባለ ጥለት መቀነት ይዛ ከች አለች። ሶስና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«የብረት ነው እኮ፣ ሲስተርዬ! አንገቱ ሥር ዙሪያውን የሚበየደውን ወፍራም ቀለበት ነው እኛ ቤት መቀነት የምንለው።»

ወለላም አብራ ሳቀች። «ለካስ ብረትም እንደ አራስ ካልታሰረ አይጠናም!»

ሶስና በሥዕሉ ላይ መቀነቱን አስታጠቀችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ መቀነቱ ሸክሙን ሲጋራቸው ቁራጮቹ ሁሉ «እንችላለን» አሉ። አንገት ቻለ፣ ኮምፒውተር እሺ አለ፣ ኢንጂነር ፈረመች፣ በያጅ በየዱ፣ ድስት ቀቀለ፣ ጨርቅ ጸዳ። ጨርቁ ሙቀቱ በወጉ ሳይለቀው አስካለን ምጥ ያዛት፤ እልል ተባለ።

ወለላ ሕፃኗን በጨርቁ ጠቀለለቻት። ያን የእናቷን መቀነት አውጥታም የአስካለን ወገብ አሰረችበት። ጓዳ ውስጥ ድስቱ በሰላም ሲንተከተክ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እሺ ባይን ማንም ያመሰግናል» አለች። «እኔ ግን እምቢ ስላላችሁኝ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በንጹሕ ጨርቅ አብሱ።