አልዘጋም ያለው ቫልቭ

ተረት አምጣ ካላችሁኝ፣ የዛሬው ከጫካ አይመጣም፤ ከኮንዶሚኒየም ነው። አንበሳም ጦጣም የለበትም። ያለው አንድ ቦይለርና አንድ ራሱን ሳሙና የተቀባ ሽማግሌ ነው።

ሽማግሌው ጋሽ ይርዳው ይባላሉ፤ የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ነው። በዚያ ማለዳ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሙቅ ውሃ ገላቸውን መታጠብ። በአራት ሰዓት ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ የእትዬ የሺመቤትን ልጅ ረድኤትን ለኢዮስያስ ይለምናሉ። ኢዮስያስ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ነገሩ እንዳይበላሽ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰጉ ሰንብተዋል። እትዬ የሺመቤት ሽማግሌ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ማን እንደሚመራው ግን አልሰሙም።

ጋሽ ይርዳው ራሳቸውን ሳሙና ተቀብተው ቧንቧውን ቢከፍቱት፣ የታኅሣሥ ውሃ እንደ መርፌ ወጋቸው።

«ምነው ቦይለር! ሙቅ እንጂ!»

«አልሞቅም» አለ ቦይለሩ። «ያሞቅሁትን ሁሉ ቫልቩ ሲያንጠባጥበው፣ ለማን ብዬ?»

ጋቢያቸውን ደርበው ጎንበስ አሉ። ቫልቩ ከቦይለሩ ሥር ሆኖ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«አንተ ቫልቭ፣ ዝጋ! ቦይለሩ ይሙቅ፣ እኔም ልታጠብ!»

«አልዘጋም» አለ ቫልቩ። «ፓምፑ ውሃውን በኃይል ይገፋብኛል። ትንሽ ካላስተነፈስሁ ቦይለሩ ይፈነዳል፤ ሥራዬ ይሄው ነው።»

ጋሽ ይርዳው አፉን በጨርቅ ሊወትፉት እጃቸውን ሰንዝረው ነበር። «ይፈነዳል» ሲል ሰበሰቡት። ቫልቩ አልዘጋም አለ፣ ቦይለሩ አልሞቅም አለ፣ የጋሽ ይርዳውም ራስ አረፋ እንደሆነ ቀረ።

ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ፓምፑ ያጓራል።

«አንተ ፓምፕ፣ ቁም! ቫልቩ ይዝጋ፣ ቦይለሩ ይሙቅ፣ እኔም ልታጠብ!»

«አልቆምም» አለ ፓምፑ። «ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሲሞላ፣ ውስጡ ያለችው ኳስ ተንሳፍፋ አቁም ትለኛለች። ዛሬ ትንፍሽ አላለችም።»

ፓምፑ አልቆምም አለ፣ ቫልቩ አልዘጋም አለ፣ ቦይለሩ አልሞቅም አለ፣ የጋሽ ይርዳውም ራስ አረፋ እንደሆነ ቀረ። ወደ ጣሪያ ወጡ። በእትዬ የሺመቤት በር ሲያልፉ ጋቢውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በእግር ጣታቸው ነበር የሄዱት። የዛሬ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይሸፋፈንም።

ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። ኳሷ ግን በሲባጎ ታስራ ውሃው ውስጥ ሰጥማለች።

«አንቺ ኳስ፣ ተንሳፈፊ! ፓምፑ ይቁም፣ ቫልቩ ይዝጋ፣ ቦይለሩ ይሙቅ፣ እኔም ልታጠብ!»

«አልንሳፈፍም» አለች ኳሷ። «ዘበኛው ጉደታ አስሮኝ እንዴት ልንሳፈፍ?»

ቋጠሮው ከእጃቸው ራቀ። ኳሷ አልንሳፈፍም አለች፣ ፓምፑ አልቆምም አለ፣ ቫልቩ አልዘጋም አለ፣ ቦይለሩ አልሞቅም አለ፣ አረፋውም መድረቅ ጀመረ። እንደገና በእግር ጣታቸው ወርደው ጉደታን የግቢው በር ላይ አገኙት።

«ጉደታ፣ ኳሷን ፍታ! ኳሷ ትንሳፈፍ፣ ፓምፑ ይቁም፣ ቫልቩ ይዝጋ፣ ቦይለሩ ይሙቅ፣ እኔም ልታጠብ!»

«ኧረ ጋሼ፣ አልፈታም!» አለ ጉደታ። «ዛሬ የውሃ ፈረቃችን አይደል? ነገ ጠብ አትልም። ካላሰርኳት ቶሎ ታቆምብናለች። ደግሞ እትዬ የሺመቤት ከጣሪያ የሚፈሰውን በረንዳቸው ላይ በበርሜል እየቀዱ ነው፤ እሳቸው በቃ ካላሉ አልነካትም።»

ጋሽ ይርዳው ክው አሉ። ከስንቱ በር የዚያን በር! ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጭ ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊቆሙበት ያሰቡት ደጅ ነው። ግን ምን ይደረግ? ወጡና አንኳኩ።

«ውይ በሞትኩት! ጋሽ ይርዳው፣ ምን ነካዎት?» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ እጅጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ።

«እትዬ የሺመቤት፣ በቃ ይበሉልኝ! ጉደታ ኳሷን ይፍታ፣ ኳሷ ትንሳፈፍ፣ ፓምፑ ይቁም፣ ቫልቩ ይዝጋ፣ ቦይለሩ ይሙቅ፣ እኔም ልታጠብ!»

«አልልም! ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ወለሉ አልታጠበ፣ ብርጭቆው አልታጠበ! የሚመራቸው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ የተከበረ ሰው ቢሆንስ?»

አረፋው ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ አቃጠላቸው። ከእንግዲህ መደበቁ ምን ዋጋ አለው?

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይርዳው በቀጭኑ።

እትዬ የሺመቤት ከአረፋው እስከ ነጠላ ጫማው አዩዋቸው። ከዚያ በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወዲያው በመስኮት ብቅ ብለው ተጣሩ፤ «ጉደታ! በቃ!»

ጉደታ ኳሷን ፈታ፣ ኳሷ ተንሳፈፈች፣ ፓምፑ ቆመ፣ ቫልቩ ዘጋ፣ ቦይለሩ ሞቀ፣ ጋሽ ይርዳውም እያንጎራጎሩ ታጠቡ! እንዲህ ደስ ብሏቸው ታጥበው አያውቁም።

በአራት ሰዓት ሽማግሌዎቹ በእትዬ የሺመቤት ሳሎን ተደርድረው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ይርዳው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። የቀሩትን ሁለት ቀጠሮ እንዴት እንደሚችሉት ከወዲሁ ጨንቋቸዋል።

እትዬ የሺመቤት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጠየቁ። «ጋሽ ይርዳው፣ ጠዋት ተከናንቦ በደጄ ያለፈውም እርስዎ ነበሩ መሰለኝ፤ ዛሬ እዚህ ፎቅ ስንት ጊዜ ወጡ?»

ጋሽ ይርዳው በጣታቸው ቆጠሩ። ወደ ጣሪያ ሲሄዱ አንድ፣ በሩን ሲያንኳኩ ሁለት፣ አሁን ደግሞ…

«ሦስት ጊዜ።»

«እንግዲያው ምልልሱ አልቋል» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ።»