የሚንቀጠቀጥ እጅ እና የጁፒተር ጨረቃዎች

የሰማይን ነገር አይተው የማይጠግቡ አንድ መምህር ነበሩ። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የከዋክብት ክበብ አቋቁመው፣ በዓመት አንዴ የክበቡን ልጆች ይዘው የከተማ መብራት ወደማይደርስበት ቦታ ይጓዛሉ። በዚያ ዓመት የሚሄዱት ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ጁፒተር የሚባለው ፕላኔት የራሱ ጨረቃዎች እንዳሉት ሲነገራቸው «በዓይናችን ካላየን አናምንም!» ብለው ለመምህሩ መልእክት ልከዋል።

«እሺ፣ ማን ያሳያቸዋል?» ብለው መምህሩ ጠየቁ። አንዲት እጅ ብድግ አለች። የሐመልማል እጅ!

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ሐመልማል እኮ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ የምትፈራ ልጅ ነበረች። ሰው ፊት ስትቆም እጇ ይንቀጠቀጥባታል፤ ለዚህ ብላ ሁልጊዜ ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። ዘንድሮ ግን ትምህርቱ ገብቷት፣ ጥያቄ መመለስ ጀምራ፣ ድምጿም ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ ጀምሯል። እጇን ካወጣች በኋላ ራሷም ደነገጠች። ግን አላወረደችውም። «ይሄ ከተበላሸብኝ ግን ዳግመኛ ሰው ፊት አፌን አልከፍትም» ብላ በሆዷ ማለች።

መምህሩ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሁለት ዕቃ አወጡ። አንዱ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያለው ረጅም ቴሌስኮፕ ነው፤ ገና ሲያዩት ያስጎመጃል። ሌላው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባይኖኩላር ነው፤ በሁለት ዓይን የሚያዩበት፣ ከዳቦ የማይበልጥ።

«የሚያሳዩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዕቃ» አሉ። «የመረጠ ራሱ ይሸከማል፣ ራሱ ያሳያል። ሐመልማል፣ ቀድመሽ አንቺ ምረጪ።»

ሐመልማል በቀጥታ ወደ ቴሌስኮፑ ሄደች። በመስኮት በኩል ሩቅ ያለው የውሃ ታንከር ላይ አነጣጥረውላት ስታይ፣ ታንከሩ ላይ ያረፈ ቁራ ላባው ሳይቀር ወለል ብሎ ታያት። «ወይኔ!» ብላ በደስታ ቴሌስኮፑን ነካ ስታደርገው ግን ቁራው እልም አለ።

«ቲቸር፣ ጠፋብኝ!»

«አልጠፋም፤ ነክተሽው ነው። ሩቁን የሚያጎላ ነገር የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል።»

እጇን አየችው። ከዚያ ባይኖኩላሩን አንስታ ሞከረች። ቁራው አሁን ትንሽ ነው፤ ይወዛወዛል፤ ግን ከዓይኗ አያመልጥም። «ይሄን ነው የምይዘው» አለች።

የክበቡ ቀልደኛ ኪሩቤል «ሁለተኛው እኔ ነኝ!» ብሎ ቴሌስኮፑን ዘሎ አቀፈው። «ሐሙ፣ ያ እኮ የወፍ መነጽር ነው! ጁፒተር ላይ እርግብ ካየሽ ንገሪኝ እሺ?»

ሁሉም ሳቀ። ሐመልማልም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን «ተሸወድኩ እንዴ?» እያለ ይጠይቃት ነበር።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሚኒባሱ አስፋልቱን ለቆ ኮረኮንቹ ውስጥ ሲገባ ሰውም ዕቃም መዝለል ጀመረ። ባይኖኩላሩ ሐመልማል ጉያ ውስጥ ተቀምጧል። ቴሌስኮፑ ከነመቆሚያው ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ታስሯል፤ ኪሩቤል በየጉድጓዱ «ወይኔ ልጄን!» እያለ ይጮሃል።

ሲደርሱ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። ልጆቹ ግቢውን ሞልተው፣ ግማሾቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቃሉ። ጁፒተር ከሐይቁ በላይ ቦግ ብሏል! ግን ከወዲያ ማዶ ጥቁር ደመና እየመጣ ነው።

«ቶሎ በሉ፣ ሊሸፍንብን ነው!» አሉ መምህሩ።

ኪሩቤል መቆሚያውን ሲፈታ የአንዱ እግር ብሎን መንገድ ላይ ወልቆ ጠፍቷል። በድንጋይ ደግፎ አቆመው። ነፋሱ ነቀነቀው። አስተካከለ። አንድ ልጅ ዓይኑን ሲያስጠጋ አፍንጫው ነካው፤ ጁፒተር ተሰወረ።

«አትንኩት! አትንኩት እኮ ነው የምለው!»

«እኔ ያየሁት ጨለማ ነው» እያሉ ልጆቹ ወደ ሐመልማል ጎረፉ።

ያ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ! ባይኖኩላሩን አንስታ ስታይ ጁፒተር ወዲያ ወዲህ ይዘላል። እንደዚያው እየዘለለ አንዲት ትንሽ ልጅ ዓይን ላይ ያዘችላት።

«እንዴ፣ ይሄማ ዝንብ ነው!» አለች ልጅቷ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«እጇን እዩት፣ እጇን!» አለ ከኋላ አንዱ። «እሷ ራሷ እየፈራች ነው!»

ሐመልማል እጇን ኪሷ ልትከት ቃጣት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በሩን መዝጋት አማራት። ቀና ስትል ግን ደመናው ጁፒተር ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

«አዎ፣ ይንቀጠቀጣል» አለች ጮክ ብላ። «ስለፈራሁ ነው። ኪሩቤል! ና፣ እዚህ ፊቴ ቁጭ በል!»

«እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«ትከሻህን ፈልጌው ነው። ቶሎ!»

ኪሩቤል መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከኋላው ተንበርክካ ሁለቱን ክርኖቿን ትከሻው ላይ አስደገፈችና አየች። ዝንቡ ቀጥ አለ። አንድ ክብ ነጭ ብርሃን፣ አጠገቡም ነጠብጣብ፣ ሌላ ነጠብጣብ፣ ወዲያም እንዲሁ…

«አሉ! አሉ! በሰልፍ ቆመዋል!»

«ጆሮዬ ላይ አትጩሂብኝ! ስንት ናቸው?»

«ዝም በል፣ መደገፊያ አይናገርም!»

ቅድም ዝንብ ያየችው ልጅ ክርኗን ደግፋ አየች። ከዚያ «ልጆቹን ይዞ ወጥቷል!» ብላ ስትጮህ ግቢው ቀውጢ ሆነ። ወዲያው ሁሉም ሁለት ሁለት እየሆነ፣ አንዱ ቁጭ፣ አንዱ ደገፍ፤ ባይኖኩላሩ ከአንገት አንገት ይዞር ጀመር።

«እኔስ? ትከሻዬ እኮ ወለቀ!» አለ ኪሩቤል።

ሐመልማል ፊቱ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ሰጠችው። ተደግፎ አየ። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«ሐሙ» አላት ቀስ ብሎ።

«እ?»

«የኔም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ። እንዳይታወቅብኝ ነው አትንኩት እያልኩ የጮህኩት።»

ከዚያ ደመናው መጥቶ ጁፒተርን ሸፈነው። ሳያይ የቀረ ልጅ ግን አልነበረም።

ቴሌስኮፑ መጥፎ ዕቃ አልነበረም፤ በራሳቸው ትምህርት ቤት ግቢ ተረጋግቶ ቢተከል ጉድ ያሳይ ነበር። ለመንገድ ግን ሰው የሚመርጠው የሚያስጎመጀውን ሳይሆን ተሸክሞ የሚያደርሰውን፣ ደርሶም የሚጠቀምበትን ነው። ፍርሃትም እንደዚያው ነው። «እጄ መንቀጥቀጡን ሲያቆም እጀምራለሁ» የሚል ሰው ደመናው ይቀድመዋል። እየተንቀጠቀጡም ማየት ይቻላል፤ የሚደገፉበት ትከሻ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሚያሾፍብን ሰው እንኳ አንድ ትከሻ አለው፤ ምናልባትም እሱ ራሱ ከኛ እኩል ፈርቷል።

እናንተስ፣ ደመናው ሳይደርስባችሁ ዛሬ የማንን ትከሻ ትጠይቃላችሁ?