ላቀው የቀዳው ውኃ

ዱሮ ነው ልጆቼ፤ ይሄ አስፋልታችሁ የቀበሮ መንገድ በነበረ ጊዜ። እናንተ የጋብቻችሁ ቀን ሲዞር ኬክ ቆርሳችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። ጥሩ ነው፣ ብሉ። እኔ ግን ስለ ላቀው ልንገራችሁ።

ላቀው አንድ በሬ ብቻ ያለው ድኻ ገበሬ ነበር። ሚስቱ አንጓች የመጣችው ወንዝ በደጅ ከሚያልፍበት አገር ነው። የእኛ ምንጭ ደግሞ ከገደል ሥር ነው። ሙሽሪት ገደሉን አየችና አለቀሰች። አባቷም "ልጄን ይዤ ልመለስ" አሉ። ላቀው ጨነቀው። "በየዓመቱ፣ በዛሬዋ ቀን፣ ውኃውን እኔ እቀዳላታለሁ" አለ። በዓመት አንዴ ብቻ? እንዳትሉ! ያኔ ወንድ በዕድሜው አንዴም እንስራ ያዝላል ተብሎ አይታሰብም ነበር። አባትየው ተገረሙ። "ቃልህን ያፈረስክ ዕለት ልጄን ትመልስልኛለህ" ብለው ሄዱ።

ዓመቱ ዞረ። ላቀው እንስራውን አዝሎ ወረደ። ምንጭ ዳር የነበሩት ሴቶች እልል አሉበት፤ "ሙሽራዬ!" አሉት። አፈረ። ሲጣደፍ አዳለጠውና እንስራው እንክትክት አለ። ከጎረቤት ተውሶ ደግሞ ወረደ። ቀዳ።

ዓመቱ ዞረ። አሁን ደግሞ በሬውን ከላቀው በሬ ጋር የሚያቀናጀው ጎረቤቱ ደርበው መጣ። "ወንዶቹን አዋረድከን። ዛሬ ከወረድክ በሬዬን አታገኘውም" አለው። ላቀው ግራ ገባው፤ እርሻው ነዋ! ግን ወረደ። ቀዳ። ያን ክረምት መሬቱን በዶማ ቆፈረ፤ እጁ ተላላጠ። አንጓችም አብራው ቆፈረች።

ዓመቱ ዞረ። ላቀውን ንዳድ ጣለው። እንስራውን ይዤ ልውጣ ቢል ደጃፉ ላይ ወደቀ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደርበውን አስጠርቶ፣ "ቃሌ ፈርሷል። በቅሎህን ጫንላት፣ ወደ አባቷ ትሂድ" አለው። እሷን ጠየቃት ወይ? ምን ሲደረግ! ወንዶች ስትባሉ እንዲህ ናችሁ።

ደርበው ደስ እያለው በቅሎዋን ጭኖ መጣ። አንጓች ወጣች። ኮርቻውን አየች። አንድ እንስራ በግራ፣ አንድ እንስራ በቀኝ አሰረችና ቁልቁል ወደ ምንጩ ነዳቻት! ስትመለስ ደርበው አፉን ከፍቶ ቆሟል። "ጎበዝ በቅሎ ናት፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ሆሆይ፣ አንጓች!

ገብታ ላቀውን ቀና አድርጋ አጠጣችው።

"የቆየሁት ለውኃው መሰለህ?" አለችው። "የት ልትሰደኝ ነው? ቤቴ እኮ ነው።"

ላቀው ሳቀ። ዋል አደር ብሎም ዳነ።

ዛሬም በእኛ ቀዬ የጋብቻው ቀን ሲዞር ባል ውኃ ይቀዳል፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ተሰብስቦ እልል ይልበታል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ሚስት ትቀምስና ለእሱ ታቀብለዋለች። ቧንቧ ግቢያችን ከገባ ወዲህ የእኔው ሽማግሌ ጀሪካኗን ከደጅ እስከ ጓዳ ተሸክሞ "ወገቤን!" ይላል። ይሁን፣ እወደዋለሁ። ሙሽሮች ሲመረቁም ሽማግሌዎቹ ሙሽራውን "እንደ ላቀው ቅዳላት" ይሉታል። ከዚያ ወደ ሙሽሪት ዞር ይሉና፣ "ያቃተው ዕለት እንደ አንጓች ቅጂለት" ይሏታል።