ዳኛው ዝንጀሮ፣ የማሩ ገንቦና የጃርት ጉድጓድ

ተረት ይዤ መጣሁ፤ ጆሮ ይዛችሁ መጣችሁ?

«መጣን!»

እንግዲያው ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ቆመው በሚሟገቱበት፣ ገንቦም ሰው ስታማ በምትውልበት ዘመን፣ አንድ ጃርት ነበረ። ይህ ጃርት ከኮረብታ ጥግ ጉድጓድ ቆፈረ። በጋውን ሙሉ ቆፈረ። በጥፍሩ ቆፈረ፤ ጥፍሩ ሲያልቅ በጥርሱ ቆፈረ። መግቢያ አበጀለት፣ መኝታ አበጀለት፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ትንሽ ጓዳ ጨመረበት። ሚስቱ እመት ጃርቲት እርጉዝ ነበረችና ጓዳው ለሚወለዱት ልጆች ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ባልና ሚስት ሥር ሊምሱ ወጥተው ሲመለሱ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ የማንኮራፋት ድምፅ ሰሙ።

«ማነው እቤቴ ውስጥ?» አለ ጃርት።

«ማነው እደጄ ላይ?» አለ ከውስጥ ከርከሮ።

«ኧረ ቤቱ የኔ ነው!»

«ነበር» አለ ከርከሮና ወደ እንቅልፉ ተመለሰ።

ጃርት እሾሁን አቆመ። ከርከሮ ክራንቻውን አሳየ። ክራንቻው ትልቅ ነበርና ጃርት እሾሁን መልሶ አስተኛ።

በዚያ ሰሞን ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል። ደመናው ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ ይመጣል። እመት ጃርቲት ሆዷን ይዛ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጠችና፣ «እንግዲህ ልጆቼን ከጎርፍ ላይ ልወልዳቸው ነው?» አለች።

«በሕግ አምላክ! ዳኛ ባለበት አገር?» አለ ጃርት።

«ዳኛማ አለ» አለች እመት ጃርቲት፤ «እኔ የጠየቅሁህ ስለ ቤት ነው።»

የዚያ አገር ዳኛ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር። ጎፈሩ እስከ ወገቡ ይወርዳል፤ ደረቱ ቀይ ነው። ከትልቅ ሾላ ሥር ተቀምጦ ይፈርዳል። አጋፋሪው ቆቅ ናት፤ ባለጉዳይ እየጠራች ታስገባለች።

በዚያ አገር ማንም ሳይወራረድ አይሟገትም። ከሳሽ ይነሣና «ባልረታ ይህን ላግባ!» ብሎ ውርርድ ይጠራል። ተከሳሽም ከሳሽ የጠራውን ያንኑ ያቀርባል። የሚጠራው ደግሞ ሁልጊዜ ማር ነው። ለምን ማር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አባቶቻቸው ማር ብለዋል፣ እነሱም ማር ይላሉ። ማሩ ከዳኛው አጠገብ በምትቀመጥ ገንቦ ውስጥ ይጨመራል። የተረታው ማሩን ያጣል፣ የረታው ግን ማሩን ይዞ ይሄዳል ይባላል። ይዞ የሄደ ግን ታይቶ አይታወቅም፤ ፍርድ እስኪሰጥ ማሩ መቼ ይቆያል!

ጃርትም መሬት ምሶ ጣዝማ ማር አወጣና በጠዋት ተነሥቶ ወደ ሾላው ሄደ። ከርከሮም የበኩሉን ማር ይዞ መጣ። ሁለቱ ማር በገንቦዋ ተጨመረ። ዳኛው እጁን እስከ ክርኑ ነከረ፣ ላሰ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ደረቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ተናገር!» አለ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ በጋውን ሙሉ የቆፈርኩትን ጉድጓድ…»

«ጉድጓድ!» አለ ዳኛው፤ በሳቅ ፈነዳ። «ጉድጓድ እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው! ከላይ ክፍት፣ ከውስጥ ባዶ! ማን አሰበው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ፤ እሱ ግን…»

«እሱም ያምራል! ክራንቻውን ተመልከቱለት! አንተም ታምራለህ! ቆቅዬ፣ አንቺም ታምሪያለሽ! ምነው ሁላችሁም ዛሬ አማረባችሁ?» ብሎ ትከሻውን እየነቀነቀ እስክስታ ወረደ። ከዚያም ጃርትን እቅፍ አድርጎ ሳመው። እሾህ አፍንጫው ላይ ተሰካ። እሱ ግን እሾሁን እየነቀለ ይስቃል።

«ፍርዱስ ጌታዬ?»

«ሁለታችሁም ረትታችኋል! ሂዱ፣ ደስ ይበላችሁ!»

ከርከሮ ረትቶ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ጃርትም ረትቶ ቁጥቋጦ ሥር አደረ።

«ረታህ አሉኝ» አለች እመት ጃርቲት።

«ረታሁ።»

«እልል ልበል ወይስ ቅጠል ልልበስ?»

ጃርት ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ‘አነጋገሬ ይሆን የተበላሸው? ጉድጓድ ከማለት ቤት ብል ይሻል ነበር? ወይስ በጠዋት መሄዴ ነው?’ ይላል። የተበደለ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚመረምረው ራሱን ነው። የበደለው ደግሞ እያንኮራፋ ያድራል።

‘ጠዋት ደስታ ስለበዛበት ነው’ አለና፣ በማግሥቱ ማሩን ይዞ ቀትር ላይ ሄደ። ያን ቀን ዳኛው የሌሎችን ማር ከማለዳው ጀምሮ ሲልስ ውሎ ነበር። አሁን ማሩ ከምላሱ ወርዶ፣ ደስታውም አብሮት ወርዷል። ጎፈሩ ቆሟል፣ ያገኘውን ሁሉ ይቧጥጣል።

«ማነው እንዲህ የሚተነፍሰው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ፣ ጃርት።»

«ለምን ጌታዬ ትለኛለህ? ታሾፋለህ እንዴ በኔ ላይ?»

ጃርት ዝም አለ።

«ለምን ዝም ትለኛለህ? ንቀት ነው!»

በዚህ መካከል ከሾላው አንድ ቅጠል ረግፎ ከዳኛው ራስ ላይ አረፈ። «ሾላው ይቀጣ!» አለ። ቆቅ «ጌታዬ፣ ጥላው እኮ የሱ ነው» ብትለው፣ «ጥላውም ይቀጣ! አንቺም ተቀጪ!» አለ። ጃርት ፈርቶ እሾሁን ቢያቆም፣ «አያችሁ? ችሎት ላይ ጦር መዘዘ!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ የመጣሁት በጉድጓዴ ጉዳይ…»

«የነገር ሁሉ ምንጭ ያ ጉድጓድ ነው! ጉድጓዱ ይታሰር!»

«ምን ይሁን?» አለች ቆቅ።

«ይታሰር አልኩ! እንዳያመልጥም ከርከሮ ውስጡ ተኝቶ ይጠብቀው!»

ለሙግቱ የመጣው ከርከሮም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ትእዛዝ ነው፤ እየከበደኝም ቢሆን እተኛለሁ» አለ።

ጃርት ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ። እመት ጃርቲት ገና ከሩቅ ስታየው፣ «ዛሬስ?» አለችው።

«ጉድጓዱ ታሰረ።»

«ወንጀሉ ምንድን ነው?»

«አልተነገረኝም።»

«ምስኪን» አለች፤ ለባሏ ይሁን ለጉድጓዱ አልታወቀም። ያን ጊዜ ከተራራው ማዶ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ። እመት ጃርቲትም ሆዷን ዳበስ አድርጋ፣ «እነዚህ ልጆች ቀጠሮ አይቀበሉም፤ እወቅ» አለችው።

ጃርት እንደገና አሰበ። ‘ጠዋት ይስቃል፣ ቀትር ይናከሳል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ በርዶ ይገኛል’ አለ። ሦስተኛውን ማር ይዞ ወደ ማታ ገደማ ሄደ። ዳኛውን ያገኘው ከሾላው ሥር ተጠቅልሎ ነው። ደረቱ እንደ አመድ ነጥቷል። የገንቦዋን አፍ አቅፎ ያለቅሳል።

«ጌታዬ፣ ምን ነካዎት?»

«ማንም አይወደኝም» አለ ዳኛው። «ልጅ ሳለሁ እናቴ በጀርባዋ ታዝለኝ ነበር። አሁን ማን ያዝለኛል?»

«ጌታዬ፣ ስለ ቤቴ…»

«ቤት? ቤት ምን ያደርጋል? ሁላችንም ለዚህች ዓለም እንግዳ ነን!»

ይህን ጊዜ ከርከሮ ተንደርድሮ መጣና ከጎኑ ዘጭ አለ። «እውነት ነው ጌታዬ! እኔም ራሴ እንግዳ ሆኜ ነው እሱ ቤት የምተኛው!» ብሎ እዬዬ አለ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጃርትም ግራ ቢገባው የዳኛውን ጀርባ መታ መታ እያደረገ፣ «አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል» ይል ጀመር። ተበዳዩ ዳኛውን ሲያባብል አመሸ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በተረት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

«ፍርዱስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አለ ዳኛው። «ማሩን ወዲህ በል፤ እስኪ ትንሽ ያጽናናኝ።»

ዳኛው ልሶ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ከርከሮም ሲሄድ፣ ጃርት አንገቱን ደፍቶ ሊነሣ ሆነ። ያን ጊዜ ማሯ ተሟጦ ባዶዋን የቀረችው ገንቦ፣ «አንተ እሾሃም!» አለችው።

«እኔን ነው እትዬ ገንቦ?»

«ሌላ እሾሃም አለ እንዴ? ና ወዲህ። ንግግርህ ጥሩ ነው። ጉዳይህም ጥሩ ነው። ሰዓት መቀያየርህ ግን የሞኝ ነው። አንተ የምትሟገተው ከዝንጀሮው ጋር መሰለህ?»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው?»

«በሆዴ ከተሸከምኩት ጋር ነዋ! ማሩ ሲገባ ይዘፍናል፣ ማሩ ሲወርድ ይናከሳል፣ ማሩ ሲያልቅ ያለቅሳል። ያ ሁሉ ሳቅ ላንተ ብሎ አይደለም፤ ያ ሁሉ ቁጣም ባንተ አይደለም። በመካከሉ ዳኛ የሚባል ሰው የለም።»

«እንዲያ ከሆነ መቼ ነው ዳኛ የሚሆነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ገንቦ። «እኔ በተቀመጥኩበት ዘመን ሌላ ነገር ሲበላ አላየሁም። እስኪ አንድ ቀን ለጥርሱ ሥራ የሰጠው አለ? ምላሱን ብቻ እኮ ነው የሚያሠራው!»

ጃርት ይህን ሰምቶ ወደ ሚስቱ ሮጠ። ባልና ሚስት ከአውድማ ዳር ሽምብራ ለቀሙ። በማግሥቱ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ እያገላበጡ ቆሉት። እመት ጃርቲት ስትቀምስ ኮሽ አለ። «ይኼ ዳኛ ቢያነቃም ባያነቃም ጥርስ ይሰብራል» አለች፤ «ሂድ፣ ይቅናህ።»

በነጋታው ጃርት ችሎት ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ባልረታ ሽምብራ ላግባ!» አለ።

እንስሳት ሁሉ ሳቁ። ከርከሮ የማር ሸክሙን እንደያዘ ቀረ። «ሽምብራ? ውርርድ ማር ነው! አባቶቻችን…»

«ዝም በል!» አለች ቆቅ። ቆቅ ደግሞ እህል ስታይ ልቧ ይርዳል። «ሕጉ ተከሳሽ ከሳሽ የጠራውን ያቅርብ ይላል። ማር የሚል ቃል አልሰማሁበትም። ሽምብራ ከሆነ ሽምብራ ነው!» ይህን ስትል አፏ ሞልቶ ነበር።

ዳኛው ተቆጥቶ እጁን ወደ ገንቦዋ ቢሰድ፣ ገንቦዋ በአፏ ተደፍታ ቂጧን ወደ ሰማይ ሰጥታለች። «ዛሬስ አሞኛል» አለች።

ምን ያድርግ? አንዲት ሽምብራ አነሣና አፉ ውስጥ ጣላት። ኮሽ። ፊቱን አጨማደደ። ደገመ። ኮሽ። መጀመሪያ ያጉረመርም ነበር፤ ከዚያ ጥርሱ ሥራ ላይ ስለሆነ ማጉረምረሙን ተወው። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ጃርት ተናገረ፤ ዳኛው አልሳቀም። ከርከሮ ተናገረ፤ ዳኛው አልተቆጣም። ጃርት ስለ እርጉዝ ሚስቱ ተናገረ፤ ዳኛው አላለቀሰም። ይልቅ አኝኮ ዋጠና፣ ከዚያ በፊት ጠይቆት የማያውቀውን ነገር ጠየቀ።

«ቤቱ የት ነው?»

ችሎቱ ሁሉ ተከትሎት ወደ ኮረብታው ጥግ ወረደ። ዳኛው ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ ሽምብራውን እየቆረጠመ፣ «አንተ ከርከሮ፣ ቤትህ ከሆነ እስኪ ግባ» አለው።

ከርከሮም ዞር አለና በቂጡ፣ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ገባ። ክራንቻው ብቻ ከደጅ ቀረ።

«ውጣ። አንተስ ጃርት?»

ጃርት በጭንቅላቱ ዘው ብሎ ገባ። ከውስጥ፣ «ውይ፣ ጓዳዬን እንዴት አቆሽሾታል!» ሲል ተሰማ።

«ከርከሮ» አለ ዳኛው ቀስ ብሎ፤ «ለምን በቂጥህ ትገባለህ?»

«የሚመጣውን እያየሁ እንድገባ ነዋ ጌታዬ።»

«ማን ይመጣብኛል ብለህ ነው?»

ከርከሮ ዓይኑን ወደ መሸሻው መንገድ ወረወረ።  ዳኛው አንዲት ሽምብራ ቆረጠመ። ኮሽ።

«ባለቤት እቤቱ ሲገባ ወደ ጓዳው ያያል» አለ ዳኛው። «ወደ ደጅ እያየ የሚገባ ባለቤቱን የሚጠብቅ ነው። ጉድጓዱ የጃርት ነው። ሂድ!»

ከርከሮ ጭራውን ቀጥ አድርጎ እየሮጠ ሄደ። አፍታም ሳይቆይ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። እመት ጃርቲት ሆዷን ይዛ በጭንቅላቷ ዘው ብላ ገባች፤ ወደ ጓዳዋም አለፈች። በዚያው ዝናብ፣ በደረቁ ጓዳ ውስጥ፣ እሾሃቸው ገና ያልጠነከረ ልጆች ተወለዱ።

ቆቅ በዝናቡ ውስጥ ዳኛውን እየሸኘች፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ የፈረዱት ፍርድ ታሪክ ነው! ነገም ሽምብራ እናስቀርብ?» አለችው።

«የለም፣ ማር ይቅረብ» አለ ዳኛው።

«ምነው ጌታዬ?»

«ሽምብራ ስበላ ባለጉዳዮች የሚናገሩት ሁሉ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ እንዴት ይቻላል?»

እንግዲህ ልብ በሉ። ማር የላሰ ልብ ገደል ነው፤ ጠዋት ከአፋፉ ሆኖ ይዘፍናል፣ ማታ ከሥሩ ሆኖ ያለቅሳል፤ በመካከሉ ቁልቁል የሚንከባለለው ግን ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ወዳጅህ ያለ ምክንያት ቢስቅልህ አትኩራ፣ ያለ ምክንያት ቢቆጣህም አትዘን፤ አስቀድመህ ምን እንደበላ ጠይቅ።

እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ ለአውሪ ቆሎ፣ ለሰሚ ልቦና ይስጥ።