ፎቶ ለቪዲዮ ሜሞሪ አልለቅም አለች

እነሆ ደሴ፣ እነሆ ፒያሳ፣ እነሆ የእትዬ ሐረገወይን የሠርግ ቪዲዮ ቤት። ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ። በሆዱ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች ይኖራሉ፤ የራሳቸው አካል የላቸውም፣ የእሱን እንደ ደባል ተከራይ ተካፍለው ይሠራሉ። አንዷ ፊልም ታቀናብራለች፤ ስሟ ቪዲዮ ነው። ሌላዋ ምስል ታሳምራለች፤ ስሟ ፎቶ ነው። ትልቁን አከራይ ይሉታል።

ዛሬ የእትዬ ሐረገወይን ልጅ መልስ ነው። እንግዳው ሳይበተን የሠርጉ ፊልም መታየት አለበት። አቀናባሪዋ ተናኘ የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ይለቅላት። ሊያልቅ ጫፍ ሲደርስ ግን ቪዲዮ ቀጥ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ተናኘ።

«ሜሞሪ አነሰኝ። ብቻ እንዳታጠፊኝ! ካጠፋሽኝ ከጠዋት ጀምሮ የሠራሁት ውሃ በላው።»

«አከራይ፣ አከራይ፣ ሜሞሪ ጨምር፤ ቪዲዮ ፊልሙን ትጨርስ።»

«ሳላጠፋት መጨመሩንስ እችልበታለሁ። ግን ትርፍ የለኝም፤ ፎቶ ይዛዋለች።»

«ፎቶ፣ ፎቶ፣ ሜሞሪ ልቀቂ፤ አከራይ ይጨምር፤ ቪዲዮ ፊልሙን ትጨርስ።»

«አልለቅም! ምስል የሚሠራልኝ የአከራይ ግራፊክስ ካርድ በቀጥታ ለእኔ ተሰጥቷል፤ ሜሞሪዬን በሚስማር እንደመታው ይዞታል። እሱ ካልተነሳ ቅንጣት አትነቃነቅም።»

«ካርድ፣ ካርድ፣ ተነስ፤ ፎቶ ሜሞሪ ትልቀቅ፤ አከራይ ይጨምር፤ ቪዲዮ ፊልሙን ትጨርስ።»

«ሥራ ላይ ነኝ። ጋሼ እንዳሻው ፕሮግራሙን ይዝጉና እነሳለሁ።»

ጋሼ እንዳሻው ምስል አሳማሪው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከማተሚያው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ጋሼ፣ ፕሮግራሙን ይዝጉ፤ ካርዱ ይነሳ፤ ፎቶ ሜሞሪ ትልቀቅ፤ አከራይ ይጨምር፤ ቪዲዮ ፊልሙን ትጨርስ።»

«እንዴት ተደርጎ! ለመልሱ ቤት ግድግዳ የሙሽሮቹን ምስል እያተምኩ ነው። ሙሽራው ገና እስከ ወገቡ ነው የወጣው። እግር የሌለው አማች ልስጣቸው?»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ወረቀት። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁም ሣጥኑም ተቆልፏል።»

ቁልፉ የት እንዳለ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የእትዬ ሐረገወይን ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ተናኘ ስልክ መታች።

«እትዬ፣ እትዬ፣ ቁልፉን ይላኩ፤ ጋሼ ወረቀት ያግኙ፤ አትመው ፕሮግራሙን ይዝጉ፤ ካርዱ ይነሳ፤ ፎቶ ሜሞሪ ትልቀቅ፤ አከራይ ይጨምር፤ ቪዲዮ ፊልሙን ትጨርስ!»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ አንቺ ልጅ? እንግዳ ግጥም ብሏል። ፊልሙን ሳላይ ቋጠሮዬን አልፈታም!»

ስልኩ ተዘጋ።

ፊልሙ ቁልፍ ይጠብቃል፣ ቁልፉ ፊልም ይጠብቃል። ተናኘ ያላትን አየች። መጨረሻው የለም፤ የመጀመሪያው ቀረጻ ግን ካሜራው ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ቆርጣ በስልክ ላከች፤ እትዬ ሐረገወይን እስክስታ ሲወርዱ፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ ሲበር፣ እሳቸው ግን ሳያቆሙ።

ስልኩ ጮኸ። ከወዲያ ማዶ ቤቱ በሳቅ ተንጧል።

«ኸረ ጉድ! ይህቺ እኔ ነኝ? ጫማዬስ የት ገባ? ቀሪውን አምጪው እንጂ!»

«ቀሪው ቋጠሮዎ ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

ቋጠሮው ተፈታ። ቁልፉ በባጃጅ ከመልሱ ቤት፣ ከቧንቧ ውሃ ሠፈር፣ ፒያሳ ወጣ። ቁልፉ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ቁም ሣጥኑ ወረቀት ሰጠ፤ ወረቀቱ ለሙሽራው እግር ሰጠ፤ ጋሼ ፕሮግራሙን ዘጉ፤ ካርዱ ተነሳ፤ ፎቶ ሜሞሪ ለቀቀች፤ አከራይ ጨመረ፤ ቪዲዮም አንዴ እንኳ ሳትጠፋ ፊልሙን ጨረሰች!

ማታ ፊልሙ ታየ። ጫማው ሲበር እንግዳው «ድገሙት!» አለ፤ ተደገመ። እትዬ ሐረገወይን የነጠላቸውን ጫፍ ቢዳብሱ ባዶ ነው፤ ቁልፉ ቁም ሣጥኑ ላይ ተረስቷል።

«እዚያው ይኑር» አሉና ሁለቱንም ጫማቸውን አውልቀው ጭፈራው መሃል ገቡ።