ለቅሶ የከፈተው መንገድ

አንድ ባለወፍጮ ነበረ። አዎ ትርሲት፣ የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ፤ «የኔታ፣ እናቴ ሐይቅ ልይ ትላለች፤ ግን ከሥራ አስፈቅዶ፣ ያለ ጉዳይ፣ ለሽርሽር ብቻ መሄድ ቅብጠት አይሆንም?» ነው ያልሽው። በአዎና በአይደለም አልመልስልሽም። ቁጭ በይና ስሚ።

ይህ ባለወፍጮ በወንዝ ውኃ የሚዞር ወፍጮ ነበረው፤ አካባቢው ሁሉ እህሉን የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት፣ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እሷ ሐይቅ ዳር ተድራ ትኖራለች። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በገበያተኛ ትልክበታለች፤ «ወንድም ዓለም፣ ና። ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ውኃው ዳር ተቀምጠን ስንጫወት እንድንውል ብዬ ነው» ትላለች።

እሱም መሄዱን ይወዳል። ግን «ወፍጮውን ለማን ልተወው? አሁንማ እህል የሚገባበት ጊዜ ነው» ይላል። እህሉ ሲገባ የሰርጉ ወራት ይመጣል፤ ሰርግ ደግሞ ዱቄት ይፈልጋል። እንዲህ እንዲህ ሲል ክረምት ይገባና ወንዙ ይሞላል። ይሄ ምክንያት ነው? ነው እንጂ! ሰውየው አንድም ቀን አልዋሸም።

አንድ ዓመት ግን ጨከነ። ንጹሕ ጋቢውን ለበሰና ጎረቤቱ ዘንድ በቅሎ ሊዋስ ሄደ። ጎረቤትየው ገና ሲያየው ደነገጠ።

«ምነው፣ በደኅና? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። እህቴ ጋ ሄጄ ሐይቁን ልይ ብዬ ነው።»

«ሐይቁን?» ጎረቤትየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ ቀን ተሌት ውኃ ላይ ተጥደህ እየዋልህ፣ ውኃ ለማየት በቅሎ ትዋሳለህ? ያለ ጉዳይ መንገድ የሚወጣማ ሥራ ፈት ነው!» ደጁ ላይ የተቀመጡትም ተከትለው ሳቁ።

ባለወፍጮው አፈረ። «እኔም ለጨዋታ ነው ያልኩት» ብሎ ተመለሰና ጋቢውን አውልቆ ወደ ወፍጮው ገባ። ከዚያ ወዲያ እህቱ በላከችበት ቁጥር «ለከርሞ» ማለት ለመደ።

በአንዱ ዓመት ገበያተኛው ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። እህቱ አርፋለች፤ ተቀብራለች።

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቺ! ያው የሳቀበት ጎረቤት በቅሎውን ኮርቻ ጭኖ፣ ራሱ እየሳበ መጣ። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች «እኛ ሌላ ቀን እናስፈጫለን፤ አንተ ብቻ ድረስ» አሉት። ስንቁን ማን እንደቋጠረለት እንኳ አላወቀም። ወፍጮው ተዘጋ፤ ሰማይ ግን አልተደፋም። ከጎረቤቱ ጋር በጠዋት ተነሥተው እኩለ ቀን ላይ ሐይቁ ታያቸው። ያን ያህል ዓመት ሩቅ የነበረው አገር የግማሽ ቀን መንገድ ኖሯል።

ውኃው እንደተባለው ያምር ነበር። ግን በእንባ ዓይን ምን ይታያል? ዳሩ ላይ ወድቆ ደረቱን እየደቃ እንዲህ አለ፤

ስትጠሪኝ ቀርቼ፣ ሳትጠሪኝ መጣሁ፤
ውኃሽን አየሁት፣ አንቺን ግን አጣሁ።

ለቀስተኛው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔን ግን ያ ሰው ሲታወሰኝ አንጀቴን የሚበላኝ መሞቷ አይደለም፤ ሞትማ የሁላችን ነው። በቅሎውም፣ ጊዜውም፣ የጎረቤት ደግነቱም በሕይወቷ ሳለች እዚያው ደጁ ላይ ነበሩ። የጎደለው «ጉዳይ» የሚሉት ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ሞት አመጣለት።

አንቺም ትርሲት፣ ያው እንደ ባለወፍጮው ነሽ። ክፉ አያሰማሽና፣ እናትሽ ብታርፍ አለቃሽ ፈቃድ ይከለክልሻል? ጎረቤትሽስ ቅብጥ አለች ይልሻል? አይልም፤ መኪና ፈልጎ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ይሸኝሻል እንጂ። እንግዲያው ያንኑ ፈቃድ ዛሬ ሂጂና ጠይቂ። አለቃሽ ምክንያቱን ቢጠይቅሽ፣ «እናቴ ገና በእግሯ ትሄዳለች» በይው።